ባዶ ገንዳ አይሞላም

እሑድ፣ ጁን 21 ቀን 1936

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለኮስቴክ፤

እንዴት ብዬ እንደምጀምረው አላውቅም። እማዬ በዚህ ደብዳቤ ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ነግራኛለች፤ የነገረችኝንም አንድ ቃል ሳላጎድል ከታች አሰፍረዋለሁ። ነገር ግን የእሷ ቃል የወረቀቱን ሩብ እንኳ አይሞላም። የቀረውን በራሴ ቃል ልሞላው ነው፣ ይህን ደግሞ እሷ አታውቅም። እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቻለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድ ከዚህ የተነሳ ነውና እንደ ድሮው አትሳቅብኝ።

ከሁሉ አስቀድሞ ኢየሱስ ክርስቶስ የተመሰገነ ይሁን፤ አንተም እዚያው ሆነህ «ለዘለዓለም፣ አሜን» ብለህ እንደመለስክልኝ እቆጥረዋለሁ። ጤናህ እንዴት ነው? ደረትህስ? የከሰሉ ብናኝ ያስለኛል ብለህ ነበር፤ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ያንገላታሃል? ሲሞን እንዴት ናት? እንጀራ ፍለጋ የሄድክበት አገር ሰው ሆና ሳለ የእኛን ሾርባ መሥራት ተማረች ስትል እማዬ በደስታ አለቀሰች። ትንሹ ያኔክስ ጥርስ አወጣ? አባዬ የልጁ ጆሮ እንደ አባቱ የቆመ ነው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብሎኛል፤ መልሱን በጉጉት ይጠብቃል።

እኛ ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች፣ ጥጃዋ ሴት ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። ትንሿ እህታችን ሄልካ ስምሽን ካልሰጠኋት ብላ ጥጃዋን ፖላ አለቻት፤ አሁን እማዬ ስትጣራ ሁለታችንም ቀና እንላለን። አባዬ በሁለት ምርኩዝ ከአልጋው እስከ መስኮቱ መሄድ ጀምሯል። በረዶው ሲሰበር የውሃው በር ክንድ ተስፈንጥሮ ዳሌውን ከመታው ወዲህ ይኸው ነው፤ ሐኪሙ ይድናል እንጂ ከእንግዲህ መዘውር አያዞርም ብሏል። ይህን ባለፈው ጽፌልሃለሁ። ያልጻፍኩልህ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ በሩን የምከፍተውና የምዘጋው እኔ መሆኔን ነው። እማዬ «ኮስቴክ ከሰማ ይጨነቃል» ብላ ከልክላኝ ነበር። አሁን ስማ። በሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።

ሲሞን «ጀልባ እንዴት አድርጎ ዳገት ይወጣል?» ብላ እንደሳቀችብህ ጽፈህ ነበር። እንዲህ በላት። ግድግዳው ድንጋይ የሆነ ትልቅ ገንዳ አለ፤ ከላይ ወደ ሐይቁ አንድ በር፣ ከታች ወደ ቦዩ አንድ በር አለው። ጀልባው ከታች ይገባና ከኋላው ይዘጋበታል። ከላይኛው በር ሥር ያሉትን ትንንሽ መስኮቶች እጀታ ባለው የብረት መዘውር ስንከፍት የሐይቁ ውሃ ይገባና ጀልባውን ተሸክሞት ይነሳል። ሲወርድ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። ውሃው በሁለቱም ወገን እኩል ሲሆን በሩ ራሱ ይላላል፤ ያኔ ጀርባሽን ለበሩ ክንድ፣ ከበሩ ለወጣው ረጅም ግንድ ትሰጪና ወደ ኋላ እየተራመድሽ ትገፊዋለሽ። ከዚያ በፊት የመንደሩ ወንድ ሁሉ ተሰብስቦ ቢገፋው ንቅንቅ አይልም። እኔ ይህን ነገር እወደዋለሁ። ጉልበት ያለውንም የሌለውንም እኩል ያስጠብቃል።

ሌላም የምወድለት ነገር አለ። መዘውር የያዘን ሰው ማንም አያናግረውም። ይህን አንተም ታውቃለህ፤ ውሃው እኩል እስኪሆን ድረስ ቄሱ እንኳ ባርኔጣቸውን አንስተው ዝም ብለው ነው የሚያልፉት። በሌላው ቦታ ሁሉ ሰው «ይቺ ልጅ ለምን አትናገርም?» ይለኛል። በትምህርት ቤትም፣ በሰርግም፣ በመቃብርም። «ዓሣዋ» ብለው ስም ያወጡልኝ አንተ እያለህ ነው፤ አንተም ትከሻዬን ይዘህ «እኔ አፍ እሆናታለሁ» ትላቸው ነበር። መዘውሩን ስይዝ ግን ዝም ማለቴ ነውር አይደለም፣ ሥርዓት ነው። ስለዚህ አንተ በሄድክ ማግሥት መዘውሩን ከአባዬ እየተቀበልኩ ማዞር ጀመርኩ። አሁን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ከመንደሩ ሰው ያን በር እንደ እኔ የሚያውቀው አባዬ ብቻ ነው። ይህን ስጽፍ ፊቴ ቀልቷል፣ ነገር ግን አልሰርዘውም።

አሁን ወደ ትናንቱ ነገር ልምጣ። ቅዳሜ ዕለት የውሃ መሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ አቶ ዛሬምባ ከዋርሶ እንግዶች ይዘው መጡ። በሩ ከተሠራ መቶ ዓመት አልፎታልና ሊጎበኙት ነው። መንደሩ ለሦስት ቀን ሽር ጉድ ሲል ሰነበተ። አጥር በኖራ ተቀባ፤ የውሃው ጠባቂ የቅዱስ ዮሐንስ ሐውልት አንገቱ ላይ አበባ ታሰረለት፤ ሴቶቹ በጭስ የደረቀ ዓሣ፣ እርጎ፣ ጥቁር ዳቦና ሥጋ የታጨቀበት የድንች ድብልብል ይዘው ወጡ። እኔን እማዬ አዲሱን ሻሽ አሰረችልኝና «ሲያናግሩሽ መልሺ፣ መሬት መሬት አትዪ» አለችኝ።

እንግዶቹ መኪናቸውን መንገዱ ዳር ትተው በእግር መጡ። ከመሃላቸው ፎቶ ማንሻ ያንጠለጠለች አንዲት ሱሪ የለበሰች ሴት ነበረች። እትዬ ባልቢና ዝይ አቅፈው ከላይኛው ሰፈር ወርደው ቆመው ነበርና ሴትዮዋን ከእግር እስከ ራሷ አዩአት። «ይቺ ሱሪውን ከለበሰችው ባሏ ዛሬ ምን ለብሶ ዋለ?» አሉ። ሴትዮዋ ሰምታ ኖሮ ዞር ብላ «ባል የለኝም እማማ፣ ሱሪው የራሴ ነው» አለቻቸው። እትዬ ባልቢና ጥቂት አሰቡና «እንዲያ ከሆነስ ደግ አደረግሽ» ብለው አረፉት።

አቶ ዛሬምባ ለእንግዶቹ ስለ ድንጋዩና ስለ እንጨቱ ብዙ አወሩላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው ገንዳውን ሙዪና መልሰሽ አጉድዪው፣ እንግዶቹ እንዴት እንደሚሠራ ይዩት አሉኝ። ገንዳው ባዶ ነበር። ጀልባ የለም፣ የሚወጣም የሚወርድም የለም።

ኮስቴክ፣ ከፋሲካ ወዲህ እዚህ ዝናብ የሚባል ጠብ አላለም። ልጅ ሳለን ከላዩ እየዘለልን እንዋኝበት የነበረው የሐይቁ ድንጋይ ዛሬ ደረቅ ነው፤ ዶሮ ትቆምበታለች። ባለ ግንዱ አጎት ዊንሰንቲ ግንዶቻቸውን አሳስረው ከላይ እያንሳፈፉ ቢመጡም የሐይቁ አንገት ላይ አሸዋ እንዳይዛቸው ፈርተው ከሰዎቻቸው ጋር ውሃ ውሃ እያዩ ሰንብተዋል። ከሐይቁ የወጣ አንድ ገንዳ ውሃ ወደ ሐይቁ አይመለስም። አያታችን ለአባዬ፣ አባዬም ለእኛ የነገረን ይኸው አይደል? ባዶ ገንዳ አይሞላም። የሚሻገር ካለ ለአንድ ድሃ ታንኳም ቢሆን ይከፈታል፤ የሚሻገር ከሌለ ለንጉሥም አይከፈትም።

እኔ መዘውሩን እንደያዝኩ ቆሜአለሁ። ከዚያ የሆነ ድምፅ ሰማሁ፣ የኔው ነበር።

«ባዶ ገንዳ አይሞላም» አልኩ።

አቶ ዛሬምባ «ምን አልሽ?» አሉኝ። ደገምኩላቸው። ጀልባ የለም፣ ሐይቁም ጎድሏል አልኩ። ከኋላ ካሉት ልጃገረዶች አንዷ «ጉድ ነው፣ ዓሣዋ አፍ አወጣች!» ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ። ይህን ጊዜ አባዬ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ፖላ! ክፈቺላቸው ልጄ፣ ክፈቺላቸው በቃ!» እያለ ተጣራ። ድምፁ እንደዚያ ሲለምን ሰምቼው አላውቅም። ነገር ግን እጄ ሌላ ነገር አደረገ። መዘውሩ ከብረቱ የሚነቀል መሆኑን ታውቃለህ፤ ነቀልኩት፣ የበሩ ክንድ ላይ ተቀመጥኩ፣ መዘውሩንም ጭኔ ላይ አጋድሜ በቀሚሴ ሸፈንኩት።

አቶ ዛሬምባ ፊታቸውም አንገታቸውም ቀላ። ቀረብ ብለው፣ እንግዶቹ እንዳይሰሙ ዝቅ አድርገው «ይህ በር የመንግሥት ነው፣ ያንቺ አይደለም» አሉኝ።

«ውሃውስ?» አልኳቸው።

ሌላ ቃል አልነበረኝም። ቢኖረኝም አይወጣልኝም ነበር። ዝንቡ ዓሣው ላይ ሲዞር ይሰማል።

ያን ጊዜ እትዬ ባልቢና «እኔ ጀልባ ያስፈልገኛል» አሉ። ሁሉም ዞረ። ታች ሰፈር ወዳለችው ወደ እህቴ ወደ ኤውፌሚያ መሄድ እፈልጋለሁ አሉ። የሁለቱን ነገር አንተም ታውቃለህ፤ የእትዬ ባልቢና ውሻ የእትዬ ኤውፌሚያን ዝይ በላ፣ ከዚያ ቃል ቃል ወለደ፣ ይኸው ስድስት ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አንዷ በአንዱ፣ ሌላዋ በሌላው ወገን ይቀመጣሉ። አጎት ዊንሰንቲ ጭንቅላታቸውን እያከኩ «እትዬ፣ በሩ ላይ ባለው መሸጋገሪያ ቢሄዱ እኮ የእህትዎ ደጃፍ እዚያ ነው» አሏቸው።

«እግሬ መንገድሽን ቢረግጥ ይድረቅ ብዬ እዚህ ቅዱስ ዮሐንስ ፊት ምዬ የለም እንዴ?» አሉ እትዬ ባልቢና። «የማልኩት በእግሬ ነው። ስለ መቀመጫዬ ያልኩት ነገር የለም።» መቀመጫ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ያሉት ቃል ለእህትህ ዕድሜ አይሆንም።

መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ዛሬምባም «እንግዲህ የሚሻገር ተገኘልሽ» አሉኝ። እኔ ግን አልተነሳሁም። ተቆጣጣሪውን ለማስደሰት ብለው የሚሄዱ ከሆነ ያው ባዶ ገንዳ ነው። ስለዚህ እትዬ ባልቢናን ጠጋ ብዬ የእውነትዎን ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም ሳቃቸውን ተዉት። ዝይዋን ጠበቅ አድርገው አቀፏትና ለእኔ ብቻ እንዲሰማኝ «ስድስት ዓመት እኮ ነው ፖላ» አሉ። «ይቺን ዝይ ሳሳድጋት ለምን መሰለሽ?»

መዘውሩን አስገባሁት።

ገንዳው ሲሞላ፣ የላይኛው በር ሲከፈት፣ የአጎት ዊንሰንቲ ሰዎች እትዬ ባልቢናን ከነዝይዋ አንስተው በሐይቁ ዳር ባለችው ትንሽ ጀልባቸው ውስጥ ሲያስቀምጧቸው፣ ከዚያም በሩ ተዘግቶ ውሃው ዝቅ ሲል፣ ባለ ሱሪዋ ሴት አንድ ነገር ልትጠይቀኝ ወደ እኔ መጣች። አጎት ዊንሰንቲ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «መዘውር ይዛለች» አሏት። ቆመች። አቶ ዛሬምባም አፋቸውን ከፍተው ነበር፣ ዘጉት። በውሃው ድምፅ ውስጥ እትዬ ባልቢና ቀስ እያሉ በድንጋዩ ግድግዳ መሃል ወደ ታች ወረዱ፤ በመጨረሻ የሚታየው ሻሻቸውና የዝይዋ አንገት ብቻ ነበር።

ከታች እትዬ ኤውፌሚያ ወሬው ደርሷቸው ሽርጣቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ዳር ቆመዋል። የታችኛውን በር በጀርባዬ ገፍቼ ስከፍትና ጀልባው ሲወጣ ሁለቱ ተያዩ። እትዬ ኤውፌሚያ መጀመሪያ ያዩት ዝይዋን ነው። «የኔዋ ከዚህ ትወፍር ነበር» አሉ። እትዬ ባልቢና «ውሻው መስክሮልሻል» አሉ። ከዚያ እትዬ ኤውፌሚያ ውረጂ ብለው እጃቸውን ዘረጉላቸው፤ እትዬ ባልቢና ግን እግራቸውን መሬት ማስነካት አይችሉም፣ መሐላ ነው። በመጨረሻ እትዬ ኤውፌሚያ «እኔ አልማልኩም» አሉና ቀሚሳቸውን ሰብስበው እሳቸው ጀልባው ውስጥ ገቡ። ኮስቴክ፣ ጀልባዋን ከቀለበቱ አስረንላቸው እስከ ማታ ጸሎት እዚያው ተቀምጠው ዋሉ። ዳቦና እርጎ ያቀበልናቸው ከዳር ሆነን ነው። ሲያወሩ፣ ሲያለቅሱ፣ እንደገና ሲጣሉ ይሰማ ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ አቶ ዛሬምባ እንግዶቹን ከሸኙ በኋላ ቤት ገቡ። እርጎ ቀረበላቸው፣ ጠጡ። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ። ለአባዬ ልጅቷን አልቀጣትም፣ እንግዶቹ ተደስተዋል አሉ። ነገር ግን የበር ጠባቂነቱ ቦታ የወንድ ነው፣ ቤቱም ከቦታው ጋር የሚሄድ ነው፤ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ፣ እስከ ቅዱስ ሚካኤል በዓል ልጅህ ከፈረንሳይ መጥቶ ቦታውን ካልተረከበ ሌላ ሰው ከነቤተሰቡ አመጣለሁ አሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይመስለኝም። እንዲያ ነው የሚሠራው ብለው ነው። እሳቸው ሲወጡ አባዬ እኔን ጠራኝና ፊቴን ሳያይ «በመስኮት የጮኸው ፍርሃቴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለኝ። ከዚያም የነሐስ ምልክት ያለባትን የበር ጠባቂ ቆቡን ከራስጌው ምስማር አውርዶ የኔ ካፖርት የሚሰቀልበት ላይ ሰቀላት። ሌላ አልተናገረም። እኔ ከማን እንደወጣሁ አየህ?

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ እማዬ ወረቀትና ቀለም አምጥታ አስቀመጠችኝ። ቃሏ ይኸው፤ «ልጄ ኮስቴክ፣ እናትህ ነኝ። አባትህ ከእንግዲህ አይችልም። ቤታችንን እንዳናጣ ሚስትህንና ልጅህን ይዘህ እስከ ሚካኤል ና። ክፍሉን ነጭ ቀብቼ እጠብቃለሁ። ለያኔክ አልጋ አባትህ ተቀምጦ ይሠራል። የመሬት ውስጥ ሥራ ይብቃህ፣ ሰማይ እያየህ ሥራ። ፖላን ደግሞ ከዚህ ብረት አውጣልኝ።» እዚህ ላይ የእማዬ ቃል አበቃ።

የመጨረሻውን ስትል እጄ ቆመ። እማዬን ተናግሬያት የማላውቀውን ተናገርኳት። በጦርነቱ ጊዜ አባዬን ወታደርነት ሲወስዱት ይህን በር ብቻዋን የያዘችው ማን ነበረች አልኳት፤ ኮስቴክን ጀርባሽ ላይ አዝለሽ ያዞርሽው አንቺ አይደለሽም ወይ፣ ያኔ ሱሪ ካልለበስሽ ያለሽ ነበር ወይ አልኳት። እማዬ አልተቆጣችም። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። ጣቶቿ ሙሉ በሙሉ የማይጨበጡት እኔ ከእርጅና ይመስለኝ ነበር።

«ለዚህ ነው» አለችኝ። «እኔ ያዞርኩት ምርጫ አጥቼ ነው። አንቺ ምርጫ እንዲኖርሽ ብዬ ነው።»

ሄልካን ይዛ ወደ እትዬ ኤውፌሚያ ቤት ስትሄድ ከመስኮቱ ሆኜ የጎበጠ ወገቧን አየሁት። ነገር ግን ወንድሜ፣ ምርጫ እንዲኖረኝ ካለች፣ መርጫለሁ እኮ። እሷ የፈለገችውን አልመረጥኩ እንደሆነ እንጂ መርጫለሁ።

አሁን የእኔን ስማ። በእኔ የተነሳ ከሆነ አትምጣ። የሄድክ ቀን መንገዱ ላይ ያልከኝን አልረሳሁትም፤ «ይህን ብረት ዕድሜዬን ሙሉ ከማዞር ከመሬት በታች ብገባ ይሻለኛል» አልከኝ፣ ገባህም። አልፈርድብህም። አንተ በሩን የምታየው እንደ እስር ቤት ነው፤ አሥር ጊዜ ብትከፍተው አሥር ጊዜ ትረግመዋለህ። እኔ እዚያ ስቆም ሰው ነኝ። አንተ ለቤታችን ብለህ፣ ለእማዬ ብለህ፣ ለእኔ አዝነህ መጥተህ የማትወደውን መዘውር ስትይዝ፣ እኔ ደግሞ የምወደውን ትቼ ወጥ ቤት ስቀመጥ ይታይህ። ሁለት ሰው ከሚጎዳ አንድም ባይጎዳ አይሻልም?

ቀላል ነገር እየጠየቅኩህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አንተ ካልመጣህ፣ እኔንም ከከለከሉኝ፣ ቤቱ ይሄዳል። አባዬ በምርኩዙ የት ይሄዳል? ላሟን የት እናስራታለን? ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ። ቢሆንም እስከ ሚካኤል ገና ነው። ሰዉ ሁሉ አንድ ዓሣ ተናገረች ብሎ ስቆ ሳይጨርስ እኔ የምለውን ልበል። ከከለከሉኝ ያን ጊዜ አንተን እጠራሃለሁ፣ አፍሬም አልቀርም። ለራስህ ስትል፣ ሰማዩና ሐይቁ ናፍቆህ ከመጣህ ደግሞ ና፤ ቤትህ ነው። መዘውሩን ግን አላስረክብህም። በሩን መግፋት ካማረህ ከኋላዬ ቆመህ ትገፋለህ፤ መቼ እንደምትገፋ የምነግርህ እኔ ነኝ።

አንተ አፍ ሆነህልኝ ነበር፣ አመሰግንሃለሁ። አሁን ግን መልስልኝ፤ የኔን አፍ ለኔ ተውልኝ።

አባዬ ሰላም ብሎሃል፣ የልጁን ጆሮ ነገር አትርሳ ይልሃል። ሄልካ ስለ ጥጃዋ ስም ቅር እንዳይልህ ትላለች። እትዬ ባልቢናና እትዬ ኤውፌሚያ አንድ ላይ ሰላም ብለውሃል፤ አንድ ላይ የሚለው እንዲሰመርበት አጥብቀው ነግረውኛል። አጎት ዊንሰንቲ የጉድጓዱ ሰዎች ደመወዝ ሲበዛላቸው ሳል ይበዛባቸዋል ይባላል፣ ማር በወተት ይጠጣ ብለዋል። ሲሞንን በስሜ ሳምልኝ፤ ጀልባው ዳገት ሲወጣ አንድ ቀን አሳያታለሁ በላት። ያኔክን ግንባሩን ሳምልኝ። እማዬ ደግሞ ከላይ ያለውን ብላሃለች፣ ከላይ ያለውን ሁሉ ከልቧ ነው ያለችው፤ እኔ በቃሌ ስለከበብኩት እንዳይቀልልብህ።

ነገ ማድረግ የቆረጥኩትን ልንገርህና ላብቃ። ጠዋት ላሟን አልባለሁ። ከዚያ እማዬን አስቀምጬ ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ስለ እጆቿ የጻፍኩትንም ጭምር፣ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ብታለቅስም አላቋርጥም፤ ከሰማችው በኋላ ነው የሚታሸገው። ቀጥሎ የአጎት ዊንሰንቲን ግንዶች አሳልፋለሁ፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለክተው ውሃው ይበቃናል ብለዋል። ከዚያ የአባዬን ቆብ አድርጌ በእግሬ ከተማ እሄድና አቶ ዛሬምባ ጠረጴዛ ፊት ቆሜ ቦታውን በስሜ እጠይቃለሁ። ድምፄ ይጠፋብኛል ብዬ እፈራለሁ፤ ስለዚህ መዘውሩን ነቅዬ ይዤው እገባለሁ። በሁለት እጄ እይዘዋለሁ። መዘውር የያዘን ሰው እንደማያናግሩት እሳቸውም ትናንት አይተዋልና አያቋርጡኝም፤ ውሃው እኩል እስኪሆን ድረስ የምለውን ሁሉ ብዬ እጨርሳለሁ።

እህትህ አፖሎኒያ
ቦብሮቮ፣ ከውሃው በር ቤት